ኵላሊትና የሰውነት ውሃ ሚዛን
(ለነርስነት ትምህርት ተማሪዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በተለይ የነርስነትን ሞያ ለምትማሩ ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። ይሁን እንጂ ሕመምተኛ አስታሞ የማያውቅ ቤት ስለሌለ ለሌላውም አድማጭ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ርእሱም ኵላሊት በሰውነታችን ውስጥ የሚሠራው ሥራና የሰውነት ውሃ ሚዛን ነው። የምጠቅሳቸውን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

ስለ ልብ ያልተነገረ ነገር የለም። ሰው ሲደሰት ልቡ ሞላ፣ ሲያዝን ልቡ ተሰበረ፣ ሲጨክን ልቡ ደነደነ ይባላል። ኵላሊት ግን ከልብ ጋር ተጣምሮ የሰው የውስጥ ምስጢር ማደሪያ ተብሎ አልፎ አልፎ ከመጠራቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። በዓመት በዓል በግ ሲታረድ ያየ ሰው ሁሉ በስብ ተሸፍኖ ከወገብ የሚወጣውን፣ ባቄላ የመሰለውን ሥጋ ያውቀዋል፤ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ነርስ የሚሆን ሰው ይህን ሳይጠይቅ ሊያልፍ አይገባውም።

የሰው ኵላሊት ሁለት ነው። በጀርባ በኩል፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ይገኛል፤ ቀኙ ከበላዩ ጉበት ስላለ ከግራው ጥቂት ዝቅ ይላል። የእያንዳንዱ ርዝመት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱም 150 ግራም ያህል ነው። ሁለቱ ተደምረው ከአንድ ሰው ክብደት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም። ነገር ግን ልብ ከሚረጨው ደም ከአምስት አንዱን እጅ የሚወስዱት እነርሱ ናቸው፤ ይኸውም በየደቂቃው 1 ሊትር ያህል ደም ያልፍባቸዋል ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህ ትንሽ ሥጋ ይህን ያህል ደም ምን ያደርግለታል? ደሙን የሚቀበለው ሊመገበው ብቻ ሳይሆን ሊያጣራው ነው። በእያንዳንዱ ኵላሊት ውስጥ ኔፍሮን የሚባሉ 1 ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ኔፍሮንም ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው ክፍል እንደ ክር ድውር የተጠቀለሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። ደም በግፊት ሲገባባቸው ውሃው፣ ጨውና ስኳሩ፣ ቆሻሻውም ጭምር ይንጠባጠባል፤ የደም ሕዋሳትና ፕሮቲን ግን ወደ ኋላ ይቀራሉ። ሁለተኛው ክፍል ረጅምና ጠመዝማዛ ቱቦ ነው። የተጣራው ፈሳሽ በዚህ ቱቦ ሲያልፍ ለሰውነት የሚያስፈልገው ሁሉ ወደ ደም ይመለሳል፤ የተረፈው ሽንት ሆኖ ወደ ፊኛ ይወርዳል።

ኵላሊትን ከኬላ ጠባቂ ጋር ማመሳሰል ይቻላል። ሌላው ኬላ ጠባቂ የተጫነውን ዕቃ እየፈተሸ የተከለከለውን ብቻ ያወርዳል፤ ኵላሊት ግን ጭነቱን ሁሉ ካራገፈ በኋላ የሚጠቅመውን ለቅሞ መልሶ ይጭናል። በአንድ ቀን የሚያራግፈው ፈሳሽ 180 ሊትር ያህል ነው፤ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ቢቀዳ 9 ጀሪካን ይሞላል። ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው። ከመቶ 99 እጅ የሚሆነው ተመልሷል። ይህን የመመለስ ሥራ የሚሠሩት የቱቦው ሕዋሳት ብዙ ኦክሲጅን ይፈጃሉና ደም ሲያንስባቸው ፈጥነው ይጐዳሉ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሰውነት ውሃ እንምጣ። 70 ኪሎ የሚመዝን ጐልማሳ ወንድ በሰውነቱ ውስጥ 42 ሊትር ያህል ውሃ አለው። ከዚህ ውስጥ 28 ሊትሩ በሕዋሳት ውስጥ ነው፤ 11 ሊትር የሚሆነው በሕዋሳቱ መካከል ነው፤ በደም ሥር ውስጥ የሚዞረው የደም ውሃ 3 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ሐኪምና ነርስ በቀጥታ የሚደርሱበት ይህ 3 ሊትር ነው። የተወለደ ሕፃን ደግሞ ከክብደቱ ከመቶ 75 እጅ ያህል ውሃ ነው፤ ተቅማጥ ሲይዘው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ዐይኑ የሚጐደጉደውም ስለዚህ ነው።

ጤነኛ ሰው በቀን የሚያገኘው ውሃ 2 ሊትር ተኵል ያህል ነው፤ ይህም ከመጠጥ፣ ከምግብና ምግብ በሰውነት ውስጥ ሲቃጠል ከሚፈጠር ውሃ ይመጣል። የሚያወጣውም ከዚሁ ጋር እኩል ነው፤ 1500 ሚሊ ሊትር ያህል በሽንት፣ 800 ሚሊ ሊትር ያህል ሳይታይ በቆዳና በትንፋሽ፣ የቀረው ከዐይነ ምድር ጋርና በላብ ይወጣል። አየሩ ሲሞቅ ወይም ትኵሳት ሲነሣ በቆዳና በትንፋሽ የሚወጣው ይጨምራል። ሰው ይህን ሒሳብ አይጽፍም፤ ኵላሊቱ ግን ሌሊትና ቀን ሳይተኛ ይጠብቀዋል።

የሚጠብቀውም እንዲህ ነው። ውሃ ሲጐድል የደሙ ጨው ይበረታል፤ አንጎል ይህን ያውቅና ሰውየውን ያስጠማዋል፤ ውሃ ቆጥብ የሚል ሆርሞንም ወደ ኵላሊት ይልካል። የደም ግፊት ሲወድቅ ደግሞ ኵላሊት ራሱ ሬኒን የሚባል ቅመም ያመነጫል፤ በእርሱም ምክንያት ከኵላሊት በላይ ያለው ዕጢ አልዶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን ያወጣና ጨው እንዳይባክን ያደርጋል። ጨው ባለበት ውሃ አለና ውሃውም ይቀራል። ከዚህ የተነሣ ሽንቱ ያንሳል፤ ቀለሙም ይጠቍራል።

ተማሪዎች ሆይ፤ ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። የሽንት ማነስ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ የኵላሊት በሽታ ሳይሆን የኵላሊት ታማኝነት ነው። ሰውነት ደም ወይም ውሃ እንደ ጐደለው የሚልከው መልእክት ነው። መልእክቱ ሳይነበብ ሲቀር ግን የቱቦው ሕዋሳት ደም አጥተው ይሞታሉ፤ ያን ጊዜ ማነሱ በሽታ ይሆናል። በመልእክቱና በበሽታው መካከል ያለው ጊዜ በሰዓት የሚቈጠር ነው። በዚያ ሰዓት ከሕመምተኛው አጠገብ የምትገኘው ብዙ ጊዜ ነርስ ናት እንጂ ሐኪሙ አይደለም።

የሚወጣውን አለመከታተል ምን እንደሚያስከትል ከቀድሞ ዘመን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1832 ኮሌራ በብሪታንያ በተስፋፋ ጊዜ፣ በስኮትላንድ በሊዝ ከተማ ቶማስ ላታ የተባለ ሐኪም ለሞት የቀረቡ ሕመምተኞችን በደም ሥራቸው የጨው ውሃ እየሰጠ ማከም ጀመረ። የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ አንዲት አሮጊት ነበረች። ግማሽ ሰዓት በሚያህል ጊዜ ውስጥ ከ3 ሊትር በላይ ገባላት፤ የጐደጐደው ዐይኗ በራ፤ የጠፋው የልብ ትርታዋ ተመለሰ፤ እጅና እግሯም ሞቀ። ሐኪሙም ዳነች ብሎ ለሌላ ሰው አደራ ሰጥቶ ሄደ። ነገር ግን ትውከቱና ተቅማጡ እንደ ገና ተነሣባት፤ የሚወጣውን የሚተካላት አልነበረም። ከአምስት ሰዓት ተኵል በኋላ ሞተች። ላታ ራሱ ፈሳሹ ቢደገምላት ኖሮ ትድን እንደ ነበር ጽፏል። መድኃኒቱ ተገኝቶ ነበር፤ የጐደለው የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው።

ይህን ሒሳብ በዛሬ ምሳሌ ላስረዳ። 60 ኪሎ የምትመዝን እናት ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት፣ ከዚያም ደሙ ቆመላት እንበል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት ተረኛዋ ነርስ አንቺ ነሽ። ሌሊቱን በደም ሥሯ 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ገባላት፤ 300 ሚሊ ሊትር ሻይና 200 ሚሊ ሊትር አጥሚት ጠጣች። ገቢው 1500 ነው። 200 ሚሊ ሊትር አስመለሳት፤ በሽንት ከረጢቷም 180 ሚሊ ሊትር ተገኘ። ወጪው 380 ነው። ሒሳብ የማታውቅ ነርስ፣ «ጠጥታለች፤ ሽንትም ወጥቷታል፤ ደኅና አድራለች» ብላ ትጽፋለች። የምታውቀው ግን 180ን ለ12 ሰዓት ታካፍልና በየሰዓቱ 15 ሚሊ ሊትር ብቻ መሆኑን ታያለች። ደንቡ ለጐልማሳ ሰው ቢያንስ ለአንድ ኪሎ ክብደት በሰዓት ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው፤ ለዚች እናት 30 ሚሊ ሊትር ይሆናል። እንግዲህ ያገኘችው የሚገባትን ግማሽ ነው። ይህም በየሰዓቱ ቢለካ ኖሮ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በታወቀ ነበር። ጧት ብቻ የሚደመር መዝገብ ለታሪክ ይሆናል እንጂ ለሕመምተኛዋ አይደርስላትም።

ሽንት ሲያንስ ምክንያቱ በሦስት ቦታ ይፈለጋል፤ ከኵላሊት በፊት፣ በኵላሊቱ ውስጥ፣ ከኵላሊት በኋላ። ነርሷ ግን ቀላሉን አስቀድማ ትመርምር። አንደኛ፣ ቱቦው ታጥፎ ወይም ተዘግቶ እንደ ሆነ ትይ፤ ከእምብርት በታች በእጇ ዳስሳ ፊኛው ተወጥሮ እንደ ሆነ ትወቅ። ሁለተኛ፣ የልብ ትርታዋንና የደም ግፊቷን ትለካ፤ እጅና እግሯ ቀዝቅዞ እንደ ሆነ ትዳስስ፤ አንሶላውን ገልጣ ደም እንደ ገና ጀምሮ፣ ማሕፀኗም ላልቶ እንደ ሆነ ትመልከት። ሦስተኛ፣ ሳትውል ሳታድር ሐኪሙን ትጥራ፤ ስትጠራውም «ሽንቷ አንሷል» ሳይሆን «በሁለት ሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ የልብ ትርታዋ ይህን ያህል፣ ግፊቷ ይህን ያህል ነው» ትበል። ሐኪም ከእንቅልፉ ሲነሣ ቍጥር ይሰማል። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት በራሷ ፈቃድ አትስጥ፤ ውሃ ለጐደለው ሰውነት እርሱን መስጠት የቀረውን መጭመቅ ነው።

የሕመምተኛው መልክ ደኅና መምሰሉም አያታልላችሁ። ለንደን በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ በፈረሰ ቤት ሥር ለብዙ ሰዓት እግራቸው ተጭኖ የቈየ ሰዎች በሕይወት ተገኝተው ወደ ሆስፒታል ገቡ። ባይዋተርስና ቢል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1941 እንደ ጻፉት፣ እነዚህ ሰዎች ሲገቡ ደኅና መስለው ነበር፤ ከዚያ ግን ሽንታቸው እያነሰና እየጠቈረ ሄደ፤ በሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥም ሞቱ። ከተጨፈለቀው ጡንቻ የወጣው ነገር ወደ ደም ገብቶ ኵላሊታቸውን ጐድቶት ነበር። ዛሬ ግንብ በሚናድበት ወይም መሬት በሚናወጥበት ስፍራ፣ ሰውዬው ገና ከፍርስራሹ ሳይወጣ ፈሳሽ በደም ሥሩ እንዲገባለት የሚደረገው ከዚያ በተገኘ ትምህርት ነው።

ኵላሊት ሥራውን ሲያቆም ዩሪያ የተባለው ቆሻሻ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖ የሚገድለው ግን ፖታሲየም ነው፤ ሲበዛ ልብን ያቆማልና። እዚህ ላይ የአገራችንን መልካም ልማድ የሚመለከት ምክር አለኝ። ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይገባል። ኵላሊቱ ለሠነፈበት ሕመምተኛ ግን ሙዝም ብርቱካንም ፖታሲየም ስላላቸው ሊጐዱት ይችላሉ። ጠያቂውን ማሳፈር አይገባም፤ በትሕትና አመስግናችሁ ምክንያቱን ብታስረዱት በደስታ ይቀበላል።

እንደዚሁም «ውሃ ሕይወት ነው፤ ጠጣ፣ ጠጣ» እያሉ ማስጨነቅ ለሁሉ አይሆንም። ሽንቱ ለተቋረጠበት ወይም ልቡ ለደከመበት ሰው የሚጨመረው ውሃ መውጫ አጥቶ በመጀመሪያ እግሩን ያሳብጣል፤ በኋላም ሳንባው ውስጥ ይገባና ትንፋሹን ያሳጥራል። ቁርጭምጭሚቱን በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ጐድጓዳው ቶሎ ካልሞላ ውሃ ተጠራቅሟል። ከሁሉ የታመነው ምስክር ግን ሚዛን ነው። በአንድ ሌሊት 1 ኪሎ የጨመረ ሰው 1 ሊትር ያህል ውሃ ጨምሯል እንጂ አልወፈረም። ስለዚህ ሕመምተኛው በየጧቱ፣ ሽንቱን ከሸና በኋላ፣ ቍርስ ሳይበላ፣ በአንድ ዐይነት ልብስና በአንድ ሚዛን ይመዘን።

መዝገቡ እውነተኛ እንዲሆን ደግሞ የሚከተሉትን አስተውሉ። በክፍሉ ያለው ሲኒ፣ ብርጭቆና ኩባያ እያንዳንዱ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ አስቀድማችሁ ለክታችሁ ጻፉ። ሾርባ፣ አጥሚትና ወተት ፈሳሽ ናቸውና አትርሷቸው። ትውከት፣ ተቅማጥና ከቍስል የሚፈስ ነገር ሁሉ ወጪ ነው። በዐይን ገምታችሁ አትጻፉ፤ በመለኪያ ለኩ። መልኩንም ጻፉ፤ የሻይ ወይም የሥጋ እጣቢ መልክ ያለው ሽንት በቶሎ ለሐኪም ይነገራል።

በሆስፒታሎቻችን ዘንድ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ለብዙ ሕመምተኛ ምግብና መጠጥ የሚመጣው ከቤቱ ነው፤ ፖፖውንም የሚደፋው አስታማሚው ነው። እናት ወይም እኅት ንጽሕና ለመጠበቅ ብላ ሽንቱን ቶሎ ብትደፋው ነርሷ የምትጽፈው ግምት ይሆናል። ስለዚህ አስታማሚውን እንደ ሥራ ባልደረባ ቍጠሩት። «እማማ፤ የጠጣውን ሁሉ ይንገሩኝ፤ ሽንቱንም እኔ ሳልለካ አይድፉብኝ፤ ልጅዎን የምናድንበት መንገድ ነው» ብትሏቸው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናት እንኳ በመለኪያው ላይ የተሰመረውን ምልክት ከእናንተ ይልቅ ይጠብቁታል።

ይህ ባዶ ተስፋ አይደለም። በ1971 ከምሥራቅ ፓኪስታን ጦርነት ሸሽተው በሕንድ ድንበር በቦንጋኦን በተጠለሉ ስደተኞች መካከል ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅበት፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ በጥብጦ በአፍ እንዲሰጥ አደረገ፤ ለሕመምተኞቹም እየቀዱ ያጠጧቸው ዘመዶቻቸው ነበሩ። ከመቶ 30 ያህል ይሞቱ የነበሩት ወደ 3.6 ዝቅ አሉ። ምስጢሩም ግሉኮስ በአንጀት ሲገባ ጨውን ይዞ መግባቱ፣ ውሃውም ጨውን ተከትሎ መግባቱ ነው። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ዱቄት ይኸው ነው፤ በ1 ሊትር ውሃ 2.6 ግራም ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት አለው። ለ1 ሊትር የተዘጋጀው ዱቄት በትክክል በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጥ። በተቀማጠ ቍጥር ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ጥቂት በጥቂት ይሰጠው።

በርግጥ ኵላሊት ከሥራ ቢወጣም ጨርሶ ተስፋ አይቈረጥም። ቪለም ኮልፍ የተባለው የሆላንድ ሐኪም በ1943 ደም የሚያጣራ መኪና ሠርቶ በሰው ላይ ሞከረ፤ የዛሬው ዳያሊሲስ የተገኘው ከዚያ ነው። በአገራችንም በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ኵላሊት ከሰው ወደ ሰው መዛወር ተጀምሯል። ነገር ግን ዳያሊሲስ ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ይጠይቃል፤ የሚተከልም ኵላሊት የሚገኘው ከሌላ ሰው አካል ነው። በሌሊት 30 ሚሊ ሊትርን ከ15 ለይቶ ለማወቅ ግን አንድ መለኪያ፣ አንድ እርሳስና የነቃች አንዲት ነርስ ይበቃሉ።

እንግዲህ ወጣት ተማሪዎች፤ በፈተና ወረቀት ላይ የኔፍሮንን ሥዕል አሳምራችሁ ብትሥሉ ያስመሰግናችኋል። ዕውቀታችሁ የሚፈተነው ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ እንቅልፍ ሲከብዳችሁና ሽንት ለመለካት ማጐንበስ እንደ ዝቅተኛ ሥራ ሲታያችሁ ነው። ያን ጊዜ በእጃችሁ የያዛችሁት ከሕመምተኛው ውስጥ የተላከ ደብዳቤ መሆኑን አስታውሳችሁ አንብቡት፤ በመዝገቡ ላይ ጻፉት፤ ለሚመለከተውም ሳትዘገዩ አድርሱት።